ቀን ቀን የሚጫወተው ሰው

ስሌቱ ሥራ ላይ ንጹሕ ሰው ነው። ሊፍት ጠጋኝ ስለ ሊፍት ጠጋኝ ሲናገር መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው፤ ሌላው በኋላ ይመጣል። ሞተር ክፍል ገብቶ ሲወጣ ወለሉ ላይ የሽቦ ልጣጭ አይቀርም። የፈታቸውን ብሎኖች በፈታበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። በር ሲያስቸግረው ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል እንጂ እንደ እኛ በጫማው አይመታውም።

ስሌቱ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ያወጣንለት እኛ የጥገና ክፍል ሰዎች ነን፤ ምንም ቢጠየቅ «ከመቶ ስንቴ?» ብሎ ስለሚመልስ። «ዛሬ የሚዘንብ ይመስልሃል?» ሲሉት «እንዲህ ሲደምን ከመቶ ስንቴ ይዘንባል?» ይላል። እየቀለደ አይደለም፤ መልስ ይጠብቃል።

እኔና እሱ ጥንድ ነን። ሊፍት ብቻን አይጠገንም፤ አንዱ ላይ ሲወጣ ሌላው ታች ይቆማል። ካቢኑ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብለን መብራት እስኪለቀቅልን ስንጠብቅ ወሬ አይጠፋም። እኔ ስለ ልጆቼ አወራለሁ፤ እሱ ስለ ፖከር።

ከሥራ መልስ በኢንተርኔት ፖከር ይጫወታል። ጥቂት ሰዎች በሚጫወቱበት፣ ትንሽ ገንዘብ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ። ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ የራሱን ካርታ ይይዛል፤ ሌላው አያየውም። ጥሩ የያዘ ይጨምራል፤ መጥፎ የያዘ ጥሎ ይወጣል፤ ባዶ እጁን የሆነ ደፋር ደግሞ ጥሩ እንደያዘ ሰው ጨምሮ ሌላውን አስፈራርቶ ያባርራል። ጨዋታው ማን የምሩን እንደሆነ፣ ማን በባዶ እንደሚያስፈራራ ማወቅ ነው። ፊት ለፊት ቢሆን የሰው ዓይን ይታያል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን ቅጽል ስምና አንዲት ትንሽ ሥዕል ብቻ ናት። ስለዚህ ስሌቱ መከታተያ ሶፍትዌር ገዛ።

ሶፍትዌሩ የተጫወተውን ዙር ሁሉ ይመዘግባል። ውሎ ሲያድር በእያንዳንዱ ተጋጣሚ ስም አጠገብ አንድ ትንሽ ሣጥን ያወጣል፤ ሣጥኗ ውስጥ ቁጥር አለ። ይህ ሰው ከመቶ ዙር ስንቱን ይገባል? ስንቴ ይጨምራል? ሲጫኑት ስንቴ ይሸሻል? ስሌቱ በዚህ ላይ የራሱን ቀለም ጨመረበት። በባዶ የሚያስፈራራው ቀይ ነው፤ ከቀይ አትሽሽ፣ ተከተለው። ቢገድሉት የማይሸሸው አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴን አታስፈራራ። ካርታ ሳይኖረው የማይጨምረው ቢጫ ነው፤ ቢጫ ሲጨምር ጥለህ ውጣ። ያልታወቀው ግራጫ ሆኖ ይቆያል።

«ሺህ ዙር ሳይሞላ ስለ ሰው አይወራም» ይል ነበር።

ስለማያውቃቸው ሰዎች የሚያውቀው ነገር ይገርመኝ ነበር። «ጥቁር ድመት» የሚባል አንድ ተጋጣሚ ነበረው። «ይሄ ሰውዬ እስኪሸነፍ ድረስ ጨዋ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ ጣሪያው ላይ ዘይት እየቀባ። «ትልቅ ከተበላ በኋላ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል። የመጣለትን ቆሻሻ ይዞ ይጨምራል።»

«አንተስ ስትበላ እንዴት ነህ?» አልኩት።

«እኔ ሰውን ነው የማጠናው» አለና ዘይቱን አቀበለኝ።

ሚስቱ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ውጤት ሳይወጣ ስለ ውጤት አታወራም፤ ሥራዋ አስለምዷታል። ሥራ ለቅቄ ሙሉ ቀን ልጫወት ያላት ዕለት አልጮኸችም። «መስመሩን አሳየኝ» አለችው።

መስመሩ ሶፍትዌሩ የሚስለው ነው። ባለቤቱ ሲያሸንፍ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲሸነፍ ይወርዳል። ያን ጊዜ መሬት ላይ እንደተጣለ ገመድ ተኝቶ ነበር።

«አንድ ዓመት ልስጥህ» አለችው። «ይሄ ነገር ወደ ላይ ከወጣ ሥራህን ልቀቅ፣ አፌን አልከፍትም። ከወረደ ወይም እንዲህ ከተኛ ግን ኮምፒውተሩ ይሸጣል፤ ካርታ የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይነሳም።»

«ተስማማን» አለ፤ ዓመቱ እስኪያልቅም መስመሩንም የሒሳቡንም ድምር ላለማየት ወሰነ።

የባልና የሚስት ነገር ነው ብለው ለማንም አልተናገሩም፤ አብረዋቸው ለሚኖሩት ለእናቷ እንኳ። አማቱ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ለጊዜው ተብለው የመጡ ናቸው። ጊዜው ረዘመ፤ ማንም ቅር አላለውም። ጡረታ እስኪወጡ የስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተር ነበሩ። ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩም ሌላ ቦታ ስላልተገኘለት እዚያው ከጎናቸው ነው። ማታ ማታ ስሌቱ ሲጫወት ከኋላው ሹራብ ይሠራሉ፤ አንዳንዴ «ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?» ይላሉ፤ እሱም ሰው ስለጠየቀው ደስ ብሎት ያስረዳል።

በዚያው ዓመት የሆነ አንድ የሥራ ነገር አለ፤ ለኋላው ይጠቅማል። አንድ የቢሮ ሕንጻ ላይ የአንዱ ፎቅ የበር ኮንታክት ተበላሸ። ኮንታክት በሩ መዘጋቱን ለሊፍቱ የሚነግረው ዕቃ ነው፤ እሱ ካልነገረው ሊፍቱ አይንቀሳቀስም። መለዋወጫው የሚመጣው በማግስቱ ነው። የሕንጻው አስተዳዳሪ ከእኛ በፊት ከሌሎች ጠጋኞች ጋር ሠርቷልና ዘዴውን ያውቀዋል፦ አንድ አጭር ሽቦ ከዚህ ወደዚያ ታሻግራለህ፤ ሊፍቱ በሩ ተዘግቷል ብሎ ይሄዳል።

«ለዛሬ ብቻ፣ ወንድሞቼ» አለ። «አምስተኛ ፎቅ ላይ እንግዶች አሉብኝ። ነገ ትነቅሉታላችሁ።»

«ሊፍቱ ሽቦውን ያምናል» አለ ስሌቱ። «ሰውዬው ደግሞ ሊፍቱን ያምናል። በሩ ክፍት ነው ብሎ ይራመዳል፣ ካቢኑ ግን ሌላ ፎቅ ነው።»

«ከመቶ ስንቴ?» አልኩት፣ ላበሽቀው።

«አንዴ ይበቃል» አለና ሊፍቱን ቆለፈው። አስተዳዳሪው ለኃላፊያችን ደወለ፤ ኃላፊያችን ለእኛ ደወለ። ስሌቱ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ አዳመጠና «እሺ ጌታዬ፣ ገብቶኛል፣ ሽቦ አላስገባም» ብሎ ዘጋው።

ዓመቱ ሲያልቅ መስመሩ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር። ተራራ አይደለም፤ ዳገት ነው፤ ግን ማንም የሚያየው ዳገት። በስልኩ ፎቶ አንስቶ አሳየኝ።

«ታዲያ ልትለቅ ነው?»

«ሰኞ ለኃላፊው እነግረዋለሁ።»

ኃላፊውም ሰኞን እየጠበቀ ነበር፤ በሌላ ምክንያት። አዲስ የሚሠራ ሆስፒታል ነበር፣ ሊፍቶቹን የመትከሉን ሥራ እኛ አገኘን፤ የቡድን መሪነቱን ለስሌቱ ሰጥቶት መልሱን ነበር የሚፈልገው። እንዲያ ዓይነት ሥራ በእኛ ሙያ ሁለቴ አይመጣም። ስሌቱ ይህንን ያውቃል። ሚስቱም ታውቃለች። መስመሩን አየችና «ቃሌ ቃል ነው» ብላ ሳህን ልታጥብ ገባች። የሳህኖቹ ድምፅ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር አለኝ።

እሑድ ሚስቱ ተረኛ ሆና ወጣች። አማቱ ከምሳ በኋላ ጋደም አሉ። ስሌቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ ሊጫወት አይደለም። ሥራ ከመልቀቁ በፊት ራሱን ሊመረምር ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም ይባላል፤ ስለዚህ ስሙን ሸፍኖ የራሱን ቁጥሮች እንደ ባዕድ ሰው ቁጥር አወጣቸውና ቀለም ሊሰጥ ሞከረ።

ቀለም አልተገኘለትም። አማካዩ ሰው አይመስልም፤ ሸሽቶም አይሸሽም፣ አስፈራርቶም አያስፈራራም። በእኛ ሥራ አንድ ሞተር ግማሽ ቀን ሲሞቅ ግማሽ ቀን ሲበርድ አማካዩ ደህና ነው አትልም፤ በሰዓት ትከፍለዋለህ። እሱም ዙሮቹን በሰዓት ከፈላቸው።

የማታዎቹ አንድ በኩል ሆኑ። የቀኖቹ ሌላ በኩል።

ቀን እሱ ከእኔ ጋር ካቢን ጣሪያ ላይ ነው።

ደወለልኝ። ልጆቼን ይዤ ጫማ ልገዛ ወጥቼ ነበር።

«ሰው በስሜ እየተጫወተ ነው» አለኝ።

«ተዘረፍክ?»

«እሱ ነው የቸገረኝ። ያሸንፋል።»

«ገንዘቡስ?»

«እዚያው ነው። አንድም አልወጣም።»

«ሠርቶ የሚያስቀምጥልህ ሌባ ከሆነ» አልኩት፣ «ሲጨርስ አድራሻዬን ስጠው።»

አልሳቀም። ስልኩን ዘግቶ ያልታወቀውን ሰው እንደ ተጋጣሚ ማጥናት ጀመረ፤ የሚያውቀው እሱን ነው። ይህ ሰው ቀይ ምልክት ካለው ሰው አይሸሽም። አረንጓዴን አያስፈራራም። ቢጫ ሲጨምር ይጥላል፣ ሁልጊዜ፣ ሳያቅማማ። ግራጫ ካለበት ጠረጴዛ ይነሳል። ሲሸነፍ ካርታ አይቀይርም፣ ፍጥነት አይጨምርም፤ ቀጣዩን ዙር ካለፈው ሳይለይ ይጫወተዋል። ሚስቱ ለምሳ የምትመጣበት ሰዓት ሲቃረብ ያቆማል። ማክሰኞና ዓርብ ጭራሽ የለም።

ማክሰኞና ዓርብ አማቱ ለጉልበታቸው እሽት የሚሄዱበት ቀን ነው። ራሱ ስሌቱ ነው ጠዋት ጠዋት የሚያደርሳቸው።

ከመኝታ ክፍል ሲወጡ ኮምፒውተሩን አላጠፋውም። ክራንቻቸውን ተደግፈው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ተቀመጡ፣ ሹራባቸውን አነሱ። ከዚያ ስክሪኑን አዩት።

«እማማ፣ ቀን ቀን የሚጫወተው ማነው?»

«ቀን እዚህ ማን አለ?» አሉ፣ ክሩን እየፈቱ።

«እርስዎ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ።»

እሱ ወንበሩን ወደ እሳቸው አዞረ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ከፍተኸው ነው የምትሄደው፣ ልጄ። አንድ ማታ ተበላህ፣ አስታወስክ? ልጄ እራቷን ሳትበላ ገብታ ተኛች። አንተም ግድግዳ ስታይ አመሸህ። በነጋታው ብቻዬን ስሆን እስቲ ከኪሱ የወጣውን ልመልስለት አልኩ። መለስኩት። ከዚያ ደግሞ ማታ አፈሰስከው። እንደገና ሞላሁት። ወንፊት ይዘህብኝ ምን ላድርግ?»

«መጫወቱን ከየት አወቁት?»

«እኔ መጫወት አላውቅም። አንተ ከቀባኸው ነው የማየው። ማዞሪያው ላይ መብራቱ ሲበራ ትሰኪያለሽ፣ ካልበራ አትነኪም፣ ሥራው እሱ ነበር። ቀይ ሲሆን አትሽሽ ብለህ ጽፈሃል፤ አልሸሽም። ቢጫ ሲሆን ጣል ብለሃል፤ እጥላለሁ። ታዲያ አንተ የጻፍከው አንተ፣ ማታ ሲሆን አረንጓዴውን ሰውዬ ለምን ታስፈራራዋለህ? አይሸሽም ብለህ የለም?»

«ያናድደኛል» አለ ስሌቱ።

«መብራት አያናድድም።»

እዚህ ላይ ነበር ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ መልሶ የቀኖቹን ዙሮች በሙሉ ከመስመሩ ያስወጣቸው። መስመሩ እንደገና ተሳለ። የእሱ ብቻ የሆነው መስመር ወደ ታች ይወርዳል። ገደል አይደለም፤ በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ በዝግታ፣ ሳያቋርጥ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አማቱ።

«ሥራ የምለቅበት ነበር» አለና ስምምነቱን ነገራቸው፤ ዓመቱን፣ መስመሩን፣ ሰኞን፣ ሆስፒታሉን።

ሹራቡ ጭናቸው ላይ ቀረ። «ሥራህን? እኔ በሞላሁት? ምነው ለእኔ አንዲት ቃል ብትነግሩኝ?» ከዚያ ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል። «እሷ ፈቅዳለች አይደል?»

«ፈቅዳለች።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው። አንተ ሰውን አጥና፣ ቀለሙን ቀባ። እኔ ልጫወት። መስመሩ የቤቱ ነው፣ ማን የማን ነው ይላል?»

ይህንን ሲነግረኝ «ለሩብ ሰዓት ያህል እሺ ብዬ ነበር» አለኝ። ሒሳቡን በልቡ ሠራው። በአንድ ስም ሁለት ሰው መጫወት ክልክል ነው፤ ከታወቀ ይዘጋል፣ ያለው ሁሉ እዚያው ይቀራል። እሱ ባይታወቅ እንኳ የአማቱ ጉልበት ድኖ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ወይም ዓይናቸው ይደክማል፤ ወይም ይሰለቻቸዋል። ያን ዕለት ሥራም የለም፣ የሆስፒታሉ ሊፍትም በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ሚስቱም እስከዚያ ዕለት ያመነችው የሌለ ነገር ነው። የቢሮውን ሕንጻ አስተዳዳሪ አስታወሰ። ለዛሬ ብቻ፣ ወንድሞቼ።

ሚስቱ ማምሻውን ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሁለቱ ተደርድረው ሲያዩዋት «ማን ሞተ?» አለች።

«መስመሩ የእኔ አይደለም» አላት።

ሁሉንም ነገራት። እናቷ መሬት መሬት ያያሉ። እሷ ወደ ኮምፒውተሩ ቀርባ ዓይኗን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እያመላለሰች ቆየች።

«ናሙናው ተቀላቅሏል ማለት ነው» አለች በመጨረሻ። «የሁለት ሰው ደም አንድ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ይደፋል፤ እንደ አዲስ ይወሰዳል።» ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ለሌላ ዓመት በር እየከፈተችለት እንደሆነ ገባው።

«መደፋት የለበትም። ለይቼዋለሁ። የእኔ ይሄኛው ነው» አለና የሚወርደው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሺህ ዙር አልፏል።»

ቦርሳዋን ያን ጊዜ አስቀመጠች። ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺ ደግሞ፣ እማዬ፣ ጉልበትሽን ነው የታከምሽው ወይስ ሌላ ነገር?»

«ጣቴ አልታመመም» አሉ አማቱ።

ሰኞ ጠዋት ሞተር ክፍል ውስጥ አገኘሁት፤ ቀድሞኝ ገብቶ ብሎኖቹን ደርድሯል። ሥራ መልቀቁን ነግሮ የመጣ መስሎኝ «ጨረስክ?» አልኩት።

«ሽቦውን ነቀልኩት» አለ።

የትኛውን ሽቦ ብዬ የሞተር ክፍሉን ሁሉ ዓይኔን አዞርኩ። ያኔ ነው ተቀምጦ የነገረኝ። ሲጨርስ ተነስቶ ወደ ኃላፊው ቢሮ ወረደና ሆስፒታሉን እወስዳለሁ አለ። ኃላፊው ያን የቢሮ ሕንጻ አልረሳም ነበርና «እዚያም ስልክ ትዘጋብኛለህ?» አለው። «ሽቦ አስገባ ካሉኝ አዎ» ብሎ ፈረመ።

ኮምፒውተሩ በስምምነቱ መሠረት ተሸጠ። ገዢዋ ሩቅ አልነበሩም፤ አማቱ ናቸው። ልጃቸው «እሱ ማጭበርበር ነው» ብትል «ይሸጣል ነው የተባለው፣ ለማን አልተባለም» ብለው ከጡረታቸው ከፈሉ። የድሮው ስም ተዘጋ። በራሳቸው ስም ሌላ ከፈቱ። ቅጽሉ «ማዞሪያ» ነው። ካርታ እዚህ ቤት አይነሳም የተባለው ግን ምን እንደተደረገ ጠይቄው «የቤቱ ኃላፊ ከእናቷ ጋር እየተደራደረች ነው» አለኝ። ድርድሩ እስካሁን አላለቀም።

ቀለም የሚቀባው አሁንም ስሌቱ ነው። በዕረፍት ቀኑ የሳምንቱን ዙሮች ያጠናል፣ ግራጫውን ይቀንሳል። የሆስፒታሉ ሥራ ሲጀመር እኔም ቡድኑ ውስጥ ስለገባሁ አንድ ቅዳሜ የሥራ ሥዕል ለመውሰድ ቤቱ ሄጄ ነበር። አማቱ ኮምፒውተሩ ፊት ነበሩ። እሱ ከኋላቸው ቆሟል፣ እጁን ጀርባው ላይ አጣምሮ።

«ቀይ ነው፣ ይከተሉት» አለ።

«ዞር በልልኝ፣ ብርሃኑን ከለከልከኝ።»

ዞር አለ። ሥዕሉን እየጠቀለለልኝ ሳለ ግን ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፦ ገንዘብ በሌለበት፣ ለመለማመጃ ብቻ በሆነ ጠረጴዛ ላይ ከአማቱ ጋር ይጋጠማል፤ ሚስቱ እሱን ፈቅዳለታለች። ሲሸነፍ ቁጣው በርዶ እንደሆነ ለማየት ነው አለኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ እኔ እዚያ ላይ ምን ቀለም ነኝ?»

አማቱ ቀና ሳይሉ ማውሱን አንቀሳቀሱ። ከስሙ አጠገብ ያለችው ሣጥን ተከፈተች።

«ግራጫ ነህ» አሉ። «ሺህ አልሞላህም።»